ዙሪያ ጥምጥም ወደ ንጃሜና

መተማ ዮሐንስ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ቅርቡ ጎንደር ነው፤ እሱም መንገዱ ሰላም ከሆነ የግማሽ ቀን ጉዞ ነው። እኔ ግን በዚያች ከተማ ሰባት ዓመት የአውሮፕላን ትኬት ሸጥሁ። ከዚያ በፊት የጉምሩክ ትራንዚተር ቢሮ ጸሐፊ ነበርሁ። ወደ ሱዳኗ ገላባት የሚሻገሩ መኪኖች የጫኑትን እህል ዲክላራሲዮን በሚባለው የጉምሩክ ቅጽ ላይ እየሞላሁ ነው ኮምፒውተር የለመድሁት። ሥራው ሲቀዘቅዝ ከዋናው መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራየሁና ፎቶ ኮፒ፣ የፓስፖርት ፎቶ፣ ማመልከቻ መጻፍና ትኬት መቁረጥ ጀመርሁ። ትኬቱን የምቆርጠው አዲስ አበባ ባለ አንድ የጉዞ ወኪል ሥር ነበር። እኔ እሞላለሁ፣ እነሱ ያጸድቃሉ።

ከደንበኞቼ ጋር የምጨቃጨቀው ሁልጊዜ በአንድ ነገር ነው። ትኬት ላይ የበረራው መነሻ ዋጋ ለብቻው ይጻፋል። ከሥሩ ደግሞ ሁለት ሁለት የላቲን ፊደል እየተሰጣቸው የተደረደሩ ግብሮችና ክፍያዎች አሉ። አንዳንዴ የግብሩ ድምር ከመነሻው ዋጋ ይበልጣል። አንድ የኮኪት ሰሊጥ አምራች ወደ ጅዳ ሊሄድ መጥቶ ወረቀቱን ሲያይ፣ "ግብርማ ለመሬቱ ከፈልሁ፤ ለሰማዩም ልከፍል ነው?" አለኝ።

"ለሰማዩ አይደለም፣ ለማረፊያው ነው" አልሁት።

እንዲህ ያልሁት ስለማውቅ ሳይሆን ሰውየው እንዲረጋጋ ነበር። እነዚያ ፊደሎች ምን እንደሆኑ ጠይቄም አላውቅም። ሲስተሙ ያመጣል፣ እኔ አትማለሁ።

ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲነሳ የሱዳን ሰማይ ለመንገደኛ አውሮፕላን ተዘጋ። የእኔም ሥራ ተቀየረ። ወደ ካይሮ የሚሄደው በረራ ረዘመ፣ ዋጋውም ጨመረ። ቀድሞ በገላባት ተሻግረው፣ በገዳሪፍ አድርገው ከካርቱም ይበርሩ የነበሩ የእኛ ነጋዴዎች ወደ እኔ መጡ። በእነሱ መንገድ ደግሞ ሱዳኖቹ ወደ እኛ መጡ፤ አንዳንዱ ሻንጣ ይዞ፣ አንዳንዱ ልጅ አዝሎ፣ አንዳንዱ ባዶ እጁን። ብዙዎቹ መጠለያ ገቡ። የተወሰኑት ዘመድ ያላቸው ወደ ሌላ አገር ለመብረር እኔ ዘንድ ይመጡ ነበር።

ሰውየው የመጡት ሰሊጥ የሚታጨድበት ወቅት ላይ ነው። ከተማው ከደጋ በወረዱ የቀን ሠራተኞች ተሞልቶ ነበር። ይዘዋቸው የመጡት ጎረቤቴ ሐጂ ናቸው። ሐጂ ከእኔ ቀጥሎ ባለው ሱቅ ሳሙና፣ ሽቶና ጨርቅ ይሸጣሉ። አረብኛቸው ከአማርኛቸው አይተናነስም። "እኒህ ሰው ገዳሪፍ ካለው ወንድሜ ዘንድ ነው የመጡት" አሉኝ። "ትልቅ ሰው ናቸው። የሚሹትን ራሳቸው ይነግሩሻል።"

ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ይጠጋል። ረጅምና ቀጭን ናቸው። ሸሚዛቸው የት እንደተተኮሰ እንጃ፣ የተተኮሰ ነበር። ከቦርሳቸው ፓስፖርታቸውን አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት፤ ትይዩ እስኪሆን ድረስም ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካከሉት።

"ከአዲስ አበባ ንጃሜና" አሉ በአረብኛ። እንደ መተማ ሰው ሁሉ የገበያ አረብኛ እችላለሁ።

ንጃሜና የቻድ ዋና ከተማ መሆኗን እንኳ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ቻድ ከሱዳን በስተምዕራብ ናት። እኛ ያለነው ከሱዳን በስተምሥራቅ ነው። "ዓሚ፣ ቻድ በወዲያኛው በኩል አይደለም እንዴ?" አልኋቸው። ዓሚ እኛ ጋ ለሱዳን ትልቅ ሰው የምንለው ነው፣ አጎቴ እንደማለት።

"በወዲያኛው በኩል ነው" አሉ። "መሀሉ ጦርነት ነው። ስለዚህ በእናንተ በኩል ልዞር ነው።"

ነገሩን በአጭሩ ነገሩኝ። ሚስታቸው የኒያላ ሰው ናቸው፤ ኒያላ በዳርፉር፣ ወደ ቻድ ድንበር ነው። ወንድማቸው ሞቶ ለአንድ ሳምንት ለቅሶ ሄደው ሳለ ጦርነቱ ተነሳ። እሳቸው ካርቱም፣ ሚስታቸው ኒያላ ቀሩ። ስልክ ተቋረጠ። ስምንት ወር ሙሉ ሚስታቸው በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላወቁም። በኋላ የሚስታቸው የእህት ልጅ ከንጃሜና ደውሎ፣ አክስቱ በእግርና በአህያ ጋሪ ድንበር ተሻግረው እሱ ዘንድ እንደደረሱ ነገራቸው። ከዚያ እሳቸውም ከካርቱም ወጥተው ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍም መተማ። አርባ ዓመት አብረው ኖረዋል። ይህን ሁሉ የነገሩኝ የሌላ ሰው አድራሻ የሚያስጽፉ ያህል ድምፃቸውን ሳይለውጡ ነው።

ዋጋውን አወጣሁላቸው። ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። ሌላው ሰው መጀመሪያ የሚያየው የመጨረሻውን ድምር ነው። እሳቸው ዓይናቸውን የጣሉት ሁለት ሁለት ፊደሎቹ ላይ ነበር።

"ይህ የአዲስ አበባ የመንገደኛ አገልግሎት ነው" አሉ ጣታቸውን እያወረዱ። "ይህ ለጥበቃ ነው። ይህ ንጃሜና ሲደረስ የሚከፈለው ነው። ይህ ግን ግብር አይደለም። አየር መንገዱ ራሱ የጨመረው ነው፤ ግብሮቹ መሀል ስላስቀመጠው ሰው ግብር ይመስለዋል።"

ሐጂ ሳቁ። እኔ አፈርሁ። ስንት ዓመት ያተምሁትን ወረቀት ገና ማንበብ ያልቻልሁ ሰው ሆንሁ።

"ዓሚ፣ ትኬት ሻጭ ነበሩ?"

"የለም። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ነበርሁ። ካርቱም።"

ትኬቱን ያን ቀን አልቆረጥንም፤ ለቻድ የመግቢያ ፈቃድ ያስፈልጋቸው ነበር። የሚስታቸው የእህት ልጅ ንጃሜና ሆኖ ያስጨርሳል ተባለ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳቸውም ካርቱም ቀርቷል፤ ያለዚያ ካርድ ቻድ አይገባም። ክትባቱን ጎንደር ሲደርሱ እንደሚወጉ ተስማማን። እስከዚያ ሐጂ ከጓሯቸው አንድ ክፍል ሰጧቸው።

ፈቃዱ አንድ ወር ከሳምንት ፈጀ። በየቀኑ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ እየመጡ ደጃፌ ላይ፣ ሐጂ ከሳር ባሠሩት ራኩባ ጥላ ሥር ይቀመጡ ነበር። ሥራ ሲቀዘቅዝ ወንበሬን አወጣና አብሬያቸው እቀመጣለሁ። ያኔ ነው ስለ ሰማይ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት።

አንድ ቀን የሰሊጥ አምራቹን ጥያቄ አነሳሁባቸው። "ለሰማይ ይከፈላል እንዴ?"

"ይከፈላል እንጂ" አሉ። "አውሮፕላን የአንድን አገር ሰማይ ሲያቋርጥ ባያርፍም ይከፍላል። ክብደቱና የሚያቋርጠው ርቀት ይታያል። መጀመሪያ ፈቃድ ይጠይቃል። የእኛ አገር ለአውሮፕላን ሰፊ አገር ነበረች፤ ከእናንተ ተነስቶ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሁሉ በእኛ ላይ ያልፋል። የደቡብ ሱዳንን የላይኛውን ሰማይ እንኳ ከተለያየን በኋላም የምንጠብቀው እኛ ነበርን። አሁን ሰማዩ ሲዘጋ ያ ገቢ ቀረ። አየር መንገዱም የሚዞርባቸው አገሮች እያንዳንዳቸው ፈቃድና ክፍያ ይጠይቁታል፤ ነዳጁ ይጨምራል፤ ነዳጅ ሲበዛ የሚጭነው ሰውና ዕቃ ይቀንሳል። አንዳንዱን መስመር ጭራሽ ይተወዋል። ያ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ይህች ወረቀት ላይ ይመጣል።" ጣታቸውን ወደ ማተሚያዬ ቀሰሩ።

ስለ ሥራቸው ብዙ አያወሩም ነበር፤ ሲያወሩ ግን ስለ አንድ ሰው ያነሱ ነበር። ከአዲስ አበባ የሚነሳ አውሮፕላን ድንበሩ ላይ ሲደርስ የአዲስ አበባው ተቆጣጣሪ ለካርቱሙ ያስረክበዋል። በቀጥታ ስልክ ነው። የአውሮፕላኑ ቁጥር፣ ድንበር የሚደርስበት ደቂቃ፣ ከፍታው፤ በቃ። ሁለቱም መጨረሻ ላይ የራሳቸውን መለያ፣ ሁለት ፊደል ብቻ፣ ይናገራሉ። ስም አይነገርም፤ ሰላምታም አይበዛም። በዚህ ዓይነት ከአንድ የአዲስ አበባ ሰው ጋር ሃያ ዓመት ያህል ተረካክበዋል።

"ድምፁ አይቸኩልም" አሉኝ። "አንድ ጊዜ የእኛ ራዳር ተበላሽቶ፣ አቧራ ተነስቶ፣ አራት አውሮፕላን በአንድ ጊዜ ይዤ ነበር። አምስተኛውን እያመጣ እንደሆነ ነገረኝ። ዝም አልሁ። እሱም ገባው። 'እኔ ጋ አቆየዋለሁ፤ ስትደርስበት ጥራኝ' አለኝ። ከዚያ ውጭ ስለ ምንም ነገር አውርተን አናውቅም። ጡረታ ስወጣም አልተሰናበትሁትም። ለመሰናበቻ የተሠራ ስልክ አይደለም።"

 ከሁለት ቀን በኋላ በአዲስ አበባዋ የወኪሉ ሠራተኛ ትኬት ሳስጸድቅ ይህን ነገርኋት። እሷም የአጎቷ ልጅ አየር ማረፊያው እንደሚሠራ ነገረችኝ። የአዲስ አበባውን ሰው ሁለት ፊደሎች ብቻ ላክሁላት። ሌላ የምልከው ነገር አልነበረኝም። ሳምንት አለፈ፤ ረሳሁት። አንድ ከሰዓት በኋላ ስልክ ቁጥር ላከችልኝ። "እሳቸውም ጡረታ ወጥተዋል፤ ቤታቸው ነው" ይላል መልእክቱ።

ለሰውየው አልነገርኋቸውም፤ ዝም ብዬ ደወልሁ። አንድ ሽማግሌ አነሱ። በአማርኛ ሰላም ብዬ፣ መተማ እንደምሠራ፣ አንድ ሱዳናዊ እንግዳ እንዳሉና ሊያናግሯቸው እንደሚችሉ ነገርሁ። "ማን ናቸው?" አሉኝ። ስልኩን ለሰውየው ሰጠሁ።

ሰውየው ግራ ገብቷቸው አዩኝ። "አዲስ አበባ ነው" አልኋቸው፤ "አውሮፕላን ይረካከቡት የነበረው ሰው።"

ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ወገባቸውን ቀና አድርገው ሁለት ፊደል ተናገሩ። የራሳቸው መለያ መሆኑ ነው። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ድምፅ ማጉያው ክፍት ስለነበር እኔም ሐጂም እንሰማለን።  መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ ሽማግሌው የራሳቸውን ሁለት ፊደል መለሱ። ቀጥለውም በእንግሊዝኛ፣ "የት ነህ?" አሉ።

"ድንበሩ ላይ" አሉ የእኛው ሰው። "በእግሬ።"

ሽማግሌው ሳቁ። እነሆ ቸኩሎ የማያውቀው ድምፅ ሳቁም የረጋ ነበር። የእኛው ሰው ግን መሳቅ ጀምረው አቋረጡ፤ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ መጥረግ ያዙ። ሐጂ ተነስተው ወደ ሱቃቸው ገቡ። እኔም ወረቀት እንደማስተካክል ሆንሁ። ሩብ ሰዓት ያህል አወሩ። ስልኩን ሲመልሱልኝ፣ "አዲስ አበባ ስደርስ ይቀበለኛል" አሉ።

የቻዱ ፈቃድ የመጣው በስልክ ነው፤ ማኅተም ያለበት በፈረንሳይኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ደብዳቤ። ደብዳቤው ቪዛው ንጃሜና አየር ማረፊያ ሲደርሱ እንደሚሰጣቸው ይገልጻል ብሎ የሚስታቸው የእህት ልጅ ተርጉሞ ጻፈልን። በቀለም አተምሁላቸው። ትኬቱን ቆረጥሁ፤ ጎንደር አዲስ አበባ፣ ከሁለት ቀን በኋላ አዲስ አበባ ንጃሜና። "ይህ ደብዳቤ ይበቃል?" ብለው ጠየቁኝ።

"ይበቃል" አልሁ።

የማላውቀውን ነገር አውቃለሁ አልሁ። ከዚያ በፊት በዚህ ዓይነት ደብዳቤ ሰው ልኬ አላውቅም ነበር። እንዲህ ያለ ደብዳቤ አስቀድሞ ለአየር መንገዱ ተልኮ መረጋገጥ እንዳለበት መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። ወሩ የደራ ወር ነበር፤ ደጄ ላይ ሰልፍ አለ፤ እሳቸውም ከአሁን አሁን መንገዱ ይዘጋል ብለው ይጨነቁ ነበር።

በጠዋት ሚኒባስ ሄዱ። ጎንደር ክትባቱን ተወጉ፤ ካርዱ ከተወጉበት ቀን አሥር ቀን ካልሞላው እንደማይጸና የነገሯቸው እዚያ ነው። ይህም እኔ ያላወቅሁት ደንብ ነው። በረራውን አዛወርሁ። አሥሩን ቀን አዲስ አበባ፣ በዚያ ሽማግሌ ቤት ቆዩ። ሽማግሌው ቦሌ ድረስ መጥተው ተቀብለዋቸዋል። ሁለቱም ሌላው ወፍራም ሰው ይመስላቸው እንደነበር በስልክ ነገሩኝ።

በረራው ዕለት ከረፋዱ ላይ ስልኬ ጮኸ። "ልጄ፣ አላሳፈሩኝም" አሉ።

መመዝገቢያው ላይ የነበረችው ሠራተኛ ፓስፖርታቸውን ተቀብላ ቪዛ ፈለገች። ደብዳቤውን ሰጧት። ኮምፒውተሯ ላይ ያለው ደንብ ቪዛ ፓስፖርት ላይ ተመቶ መገኘት አለበት ይላል፤ ስለ ደብዳቤ የሚለው ነገር የለም። ኃላፊዋን ጠራች። ኃላፊዋም ደብዳቤው ከንጃሜና በኩል አልተረጋገጠም አሉ። ያልተፈቀደለት መንገደኛ ይዞ የሄደ አየር መንገድ ይቀጣል፤ ሰውየውንም በራሱ ወጪ ይመልሳል። አውሮፕላኑ ሄደ። ንጃሜና ላይ ሚስታቸው ከጠዋት ጀምረው አየር ማረፊያ ተቀምጠው ነበር።

 "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ዓሚ" አልሁ። "ቀድሜ መላክ ነበረብኝ።"

"ልጅቱ ትክክል ናት" አሉ። "እኔም ያልተፈቀደለትን አላሳልፍም ነበር። ያለ ፈቃድ የመጣ አውሮፕላን ስንቱን መልሻለሁ። ውስጡ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፣ ግን እመልሳለሁ።" ቀጥለውም፣ "ውስጥ ሆኜ ግን አላውቅም ነበር" አሉ።

ያን ቀን ሱቄን ዘግቼ ሌላ ደንበኛ ሳላስተናግድ ዋልሁ። ደብዳቤውን ለወኪሉ ላክሁ፤ ወኪሉ ለአየር መንገዱ፤ አየር መንገዱ ንጃሜና ላለው ቢሮው። የሚስታቸው የእህት ልጅ ጋ ደውዬ ዋናውን ደብዳቤ ይዞ እዚያ ቢሮ እንዲሄድ ነገርሁት። አማርኛም እንግሊዝኛም ስለማይችል፣ የእኔም የገበያ አረብኛ ለቢሮ ጉዳይ ስለማይበቃ፣ በሐጂ አረብኛ ነበር የምንግባባው። ሐጂ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ለአሱር ሶላት ሲሄዱ ብቻ ነው የተነሱት። "አንቺ ብቻ ነሽ የተሳሳትሽው? ጠይቂ ማለት ነበረብኝ፣ እኔም ዝም አልሁ" አሉኝ። ደግ መሆናቸው እንጂ እሳቸው የሚያውቁት ነገር አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ከንጃሜና ማረጋገጫው መጣ። መንገደኛው ይሳፈር የሚል አንድ መስመር ነው። ቀጣዩ በረራ ከሁለት ቀን በኋላ ስለነበር ትኬቱን እንደገና ማውጣት ነበረብኝ። መሀል ላይ ወሩ ተቀይሮ ስለነበር ከክፍያዎቹ አንዱ ጨምሮ መጣ፤ ግብር የሚታሰበው ትኬቱ እንደገና በወጣበት ቀን ነው። ልዩነቱንና የመቀየሪያውን ቅጣት እኔው ከፈልሁ። ስሕተቱ የእኔ ስለነበር አልነገርኋቸውም፤ አዲሱን ትኬት ብቻ ላክሁላቸው።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደወሉ። "አራተኛው መስመር ተቀይሯል" አሉ።

"አዎ፣ ዓሚ።"

"ማን ከፈለው?"

ዝም አልሁ።

"ገባኝ" አሉ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር አላነሱም፤ እኔም አላነሳሁም።

በሁለተኛው በረራ ዕለት ሽማግሌው ሸኚ እስከሚፈቀድለት በር ድረስ አብረዋቸው ሄደዋል። የድሮ መታወቂያቸውን አሳይተው ሊገቡ ሞክረው ጥበቃው አልፈቀደላቸውም። ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች የተለያዩት በመስታወት ነው። መንገደኛው ከወዲያ ሆነው የመሳፈሪያ ካርዳቸውን ከፍ አድርገው አሳዩ። ይህን የነገሩኝ ሽማግሌው ናቸው። "ሃያ ዓመት ሙሉ እሱ ነበር ከእኔ የሚቀበለው" አሉኝ። "ዛሬ ራሱን ላክሁት።"

ከንጃሜና የተደወለልኝ በማግስቱ ነው። ድምፃቸው ደክሟል። ስለ በረራው ጠየቅኋቸው፤ ስለ ሚስታቸው ቀጥታ ለመጠየቅ ፈርቼ ነበር።

"መስኮት ዳር ነበርሁ" አሉ። "ከፊት ወንበሩ ላይ ካርታ አለ። ወደ ምዕራብ ቀጥ ብለን ልንሄድ ሲገባን ወደ ደቡብ አጠፍን። የት እንደምናጥፍ ሳላይ አውቄው ነበር። አገሬ በቀኝ በኩል ነበረች። ደመና ስለነበር ምንም አይታይም።"

ሚስታቸው አየር ማረፊያው በር ላይ ቆመው ሲጠብቁ እሳቸው ሁለት ጊዜ በአጠገባቸው አልፈዋል። ሁለቱም ያን ያህል ከስተው ነበር። በመጨረሻ በአረማመዳቸው የለዩዋቸው ሚስታቸው ናቸው። "ማልቀስስ አላለቀሰችም" አሉኝ። "ሸሚዜን ማን እንደተኮሰልኝ ነው የጠየቀችው።"

ከዚያ ስልኩን ለሚስታቸው ሰጧቸው። የዳርፉር አረብኛ ከለመድሁት የገበያ አረብኛ ይለያል፤ ቶሎ አልገባኝም። ቀስ ብለው ደገሙልኝ። በመጀመሪያ ቀን አየር ማረፊያ ተቀምጠው ውለው፣ አውሮፕላኑ ባላቸውን ሳይዝ ሲመጣ፣ ሞተው ሰው የደበቃቸው መስሏቸው እንደነበር ነገሩኝ። ወደ ቤት ተመልሰው እህል አልቀመሱም። ያ ቀን በእኔ ስሕተት የመጣ መሆኑን ነገርኋቸው።

"አውቃለሁ፤ ነግሮኛል" አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ፈለግሁ፤ አልነበረም። ይቅር ብዬሻለሁም አላሉኝም። "ለሌላው ሰው ጠይቂ" ብቻ አሉኝ። "ከመላክሽ በፊት ጠይቂ።"

ከሰውየው በኋላ ወደ ንጃሜና አሥራ አንድ ሰው ልኬያለሁ፤ አብዛኞቹ የእሳቸውን ስም ጠርተው የመጡ ናቸው። የክትባቱን ቀን አስቀድሜ እቆጥራለሁ፤ ደብዳቤውን አስቀድሜ እልካለሁ፤ ማረጋገጫው ካልመጣ ሚኒባስ ላይ አላሳፍርም። ግብሮቹንም መስመር በመስመር አነብላቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ይሰለቻሉ፤ ድምሩን ብቻ ንገሪን ይሉኛል።

በኋላ የጎንደሩ መንገድ ደጋግሞ ሲዘጋ ሥራዬን ወደ ጎንደር አዛወርሁ። ሐጂ መተማ ቀሩ። ሰውየውና ሚስታቸው አሁን አቤቼ በምትባል የቻድ ከተማ ናቸው፤ እሳቸው ከሱዳን የሸሹ ልጆችን እንግሊዝኛና ሒሳብ ያስተምራሉ ይሉኛል። አዲስ አበባ ያሉት ሽማግሌ ባለፈው ዓመት ዓይናቸውን ታክመው ሐኪሞቹ ማንበብ ስለከለከሏቸው፣ ሰውየው በየሳምንቱ ዓርብ ከአቤቼ እየደወሉ ጋዜጣ በእንግሊዝኛ ያነቡላቸዋል። መስመሩ ይቆራረጣል። ሲቆራረጥ ማን መልሶ እንደሚደውል ተስማምተዋል፤ ሁልጊዜ የካርቱሙ ናቸው።